ሳላሳትም የመለስኩልህ መጽሐፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
ከሱቅ፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለታናሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባለፈው በስልክ ስናወራ ታስል ነበር። ሳልህን እየሰማሁ ሳልጠይቅህ ዘጋሁት፤ በኋላ ቆጨኝ። ያን ወፍራም ሹራብ ልበሰው፤ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠህ ለማን ልታወርሰው ነው?

እኛ ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው። መንገድ ዳር የተሠራው አዲሱ ሆቴል የመኝታ ክፍሎቹን መጋረጃ በሙሉ ከእኛ ወስዷል። ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ተጠግኗል፤ ክፍልህ አሁን ደረቅ ነው።

ይህን በደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ስለማልችልህ ነው። በስልክ ሁልጊዜ ትቀድመኛለህ። እኔ አንድ ቃል ሳወጣ አንተ ብዙ ብለህ፣ ስቀህ፣ እኔንም አስቀኸኝ፣ ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ደግሞም ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ የቀኑን ውሎ የመጻፍ ልማድ እንዳለኝ ታውቃለህ፤ ሰሞኑን የምጽፈው ሁሉ ስለ አንተ ሆነብኝ። ሰውን ከጀርባው ከመጻፍ ፊት ለፊት መጻፍ ይሻላል አልኩና ወረቀቱን ቀየርኩ።

ነገሩ ስለ መጽሐፍህ ነው።

ረቂቁን የላክበት ሰው በሰላም አድርሶልኛል። ለጨዋታ መሪዎች የሚሆን መመሪያ ጽፈህ በዚያ አገር ቋንቋ ታትሞ እየተሸጠ መሆኑን ስትነግረኝ፣ አሁን ደግሞ ራስህ ወደ ቋንቋችን መልሰኸው ለአታሚው እንድሰጥልህና በሱቄ ጥግ ይዤ እንድሸጥልህ ስትጠይቀኝ፣ ምን ያህል እንደኮራሁ አልደብቅህም። ለሆቴሉ ዕቃ ገዢ ሳይቀር አወራሁለት። ስለምን የተጻፈ ነው ቢለኝ ስለ ጨዋታ አልኩት፤ ዋጋ የሚያስቀንስበት ምክንያት ያገኘ ይመስል ሳቀብኝ።

ነጋዴ ነኝና የዕቃውን ደህና ጎን ሳልናገር ነውሩን አልናገርም። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ያስረዳህበት መግቢያ በእውነት ጥሩ ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሪ ሆኖ አገሩን፣ መንገዱን፣ የሚመጣውን አደጋ በቃሉ ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ የፈጠራ ሰው ሆነው በዚያ አገር ይጓዛሉ፤ የሚያጠራጥር ነገር ሲገጥም በየፊቱ ቁጥር ያለበት ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ይወስናል። እኔ ይህን ለደንበኛ ለማስረዳት ስንት ጊዜ ተንተባትቤአለሁ። አንተ በጥቂት መስመር ጨረስከው።

ቀጥሎ ግን «መመሪያ መጽሐፍ የሌለው መሪ፣ መንገድ እየጠየቀ መንገድ የሚያሳይ ሰው ነው» ብለሃል። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ስትሄድ መሪነቱን ለእኔ ስታስረክብ ምን ነበር ያልከኝ? ለተጫዋቾች የተዘጋጀው ያ ቀጭን መጽሐፍ ይበቃሻል፤ ለመሪ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ሰው ማዳመጥ ነው፤ አንቺ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታዳምጪ ነው የምትውዪው። እንዲህ ነበር ያልከኝ። አመንኩህ። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት አሳሬን አየሁ። ጋሼ ልብስ ሰፊው ጨዋታውን ነጥቆኝ ሄደ። የእሱ ሰው ፈረስ ነጋዴ ነው፤ በየደረስንበት መንደር ፈረስ ሲሸጥ ይመሻል፤ ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ። ያኔ «ብዙ የሚያወራ ተጫዋች» የሚለው ምዕራፍህ በእጄ ቢኖር ኖሮ እድን ነበር። ስለዚህ ለመሪ መጽሐፍ አያስፈልግም ብዬ አልከራከርህም። ስለ ዳይሱ፣ ስለ መንገዱ፣ ወሬኛን ስለ ማስቆምና ዝምተኛን ስለ ማናገር መጽሐፍ ያስፈልጋል። ጀማሪን ከብዙ ውርደት ያድነዋል። ግማሹን መጽሐፍህን እንደዚህ ብዬ በደስታ እሸጥልህ ነበር።

የሆነውን ልንገርህ።

ረቂቁ በደረሰ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሰዎቹ እንደ ወትሮው ከሰዓት በኋላ ሱቅ መጡ። በሩን ግማሽ አወረድኩት፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን አነሳሁ። ዛሬ አንጫወትም፣ ዛሬ የልጃችንን መጽሐፍ ነው የምናነበው አልኳቸው። ሁሉም ደስ አላቸው። ሲስተር ከሆስፒታል ተረኝነቷ ወጥታ ሳትተኛ ነበር የመጣችው፤ የነርስ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። አባ ዝግታም መኪናውን ከደጅ አቁሞ፣ እንደ ልማዱ ጎማዎቹን ዞሮ አይቶ ገባ። ያው ሾፌር ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ግን በእግሩ የሚሄድ መልእክተኛ ካልሆነ አይጫወትም። «እዚህም ከነዳሁማ ሥራ ገባሁ ማለት ነው» ይላል።

ማንበቡን ለጋሼ ሰጠነው፤ ድምፁ ያምራል፣ ከኛ ሁሉ መነጽር ያለውም እሱ ነው። ያን ብዙ የሚያወራውን ተጫዋች ምዕራፍ ሲያነብ እኛ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን፤ እሱ ግን ጨርሶ አልገባውም። ቀና ብሎ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የት ሠፈር አገኘ?» አለ። ሲስተር፣ «መርፌና ክር የሚያዝበት ሠፈር ነው ጋሼ» ብትለው ትንሽ አሰበና፣ «ይሄ ልጅ ሲመጣ ሱሪውን አጥብቤ ነው የምሰፋለት» አለ።

እንዲህ እየሳቅን ነው ወደ መርፌው ምዕራፍ የደረስነው።

መርፌውን ታስታውሰዋለህ። ሲስተር አንድ ጊዜ በጨዋታው መሃል የበሽተኛ ነገር መጥቶባት ፊቷ ጠቆረ፤ እኔም ከመደርደሪያው መርፌ የምሰካባትን ትንሿን ትራስ አንስቼ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩ። የማይፈልገው ነገር የመጣበት ሰው አንድ መርፌ ይሰካል፤ መሪው ታሪኩን በሌላ መንገድ ይወስደዋል፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም አልኳችሁ። ከየትም አላመጣሁትም፤ ከሱቅ ሥራዬ ነው። ሰው ብርሃን የማያስገባ ጥቁር መጋረጃ ሲጠይቀኝ የመስኮቱን ስፋት ነው የምጠይቀው። ለማን እንደሆነ አልጠይቅም። ቤቱ በሽተኛ ይኖር ይሆናል፣ ሐዘንም ይኖር ይሆናል፤ የመስኮቱን ልክ ካወቅኩ ሥራዬን ለመሥራት ይበቃኛል። አንተ መጽሐፉ ላይ «እኔ የፈጠርኩት የመርፌ ዘዴ» ብለኸዋል። ውሰደው። መርፌ እኔ ጋ ሞልቷል።

ግን ጋሼ ማንበቡን ቀጠለ። ቃልህን እንዳለ እገለብጥልሃለሁ፤ ዓይንህ ይየው።

«በጠረጴዛችን ላይ አባ ዝግታ የምንለው ሾፌር ነበር። ወንዝ ለመሻገር ስንቀርብ መርፌ ሰካ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን ምክንያቱን ነገረኝ። ወጣት ሳለ ታናሽ ወንድሙን አሳፍሮ የሞላ ወንዝ ዳር ደረሰ። ሰዎች ውኃው እስኪጎድል ቆይ አሉት። ወንድሙም አንሻገር እያለ ለመነው። እሱ ግን ፈሪ ነህ ብሎ ስቆበት ገባ። ወንድሙን ውኃ ወሰደው። ለእናቱ ግን ድልድይ ተሰበረብን ብሎ ነገራት፤ እስከ ዛሬም የምታውቀው ይህንኑ ነው። አያችሁ፣ መርፌዋ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደምትሸፍን...»

አባ ዝግታ ተነሣ። ከመደርደሪያው የመርፌ ትራሷን አወረደ፤ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠና አንድ መርፌ ሰካባት። ጋሼ ቃሉን ከመሃል ቆረጠ። ሕግ ነዋ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ያለቀው አልቋል። ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ከውጭ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል። 

አባ ዝግታ እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ወንዝ ያላመጣሽብኝ ለምንድን ነው?»

«መርፌ ስለሰካህ ነዋ።»

 ያመነኝ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ኮቱን ይዞ ወጣ፤ መኪናውን አስነሣ፤ እንደ ወትሮው በዝግታ ሄደ። በዝግታ ስለሚነዳ ስንቀልድበት የኖርነውን ሁሉ በዚያች ሰዓት አስታወስኩ። ኤሊ ቀድማህ ትደርሳለች ስንለው አብሮን ይስቅ ነበር። ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ። ምክንያቱን ካወቅክ በኋላም በዚያው ስም እየጠራኸው፣ እየሳቅክበት ኖረሃል። ይህን ሳስብ ነው ከሁሉም በላይ የቀዘቀዝኩት።

ማምሻውን ደወልኩልህ። ያልከኝን አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም። ስም አልጻፍኩም እኮ አልከኝ። አባ ዝግታ ያልከውስ ስልህ፣ እሱ ቅጽል ስም ነው አልክ። እኛ ሠፈር እኮ ሌላ ስሙን የሚያውቅ የለም! ቀጥለህ እዚያ ማን ያነበዋል አልክ፤ ወዲያው ደግሞ አታሚው መቼ እንደሚጀምር ጠየቅከኝ። ሁለቱ እንዴት አንድ አፍ ውስጥ እንደገቡልህ አላውቅም። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ ያ ታሪክ የመጽሐፉ ልብ ነው፤ አንባቢዎች ከሁሉ አብልጠው የወደዱት እሱን ነው» አልከኝ።

ያኔ ስልኩን ዘጋሁት። አሁን ግን መልስ አለኝ። ልብ ከሆነ የሰውየው ልብ ነው። ላንተ በአደራ ነው የሰጠህ፤ አደራ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ አይሸጥም። ይህን ከአባታችን የተማርነው አንድ ላይ ተቀምጠን ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነው እንዲህ ነው። አባ ዝግታ ከቀናት በኋላ ሱቅ መጣ። ልጅ መሆንህን፣ ክፉ አስበህ እንዳላደረግከው ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሣ። ሰው ካወቀው ወዲያ እናቴ ከሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ትስማ አለኝ። አብሬው እንድሄድ ለመነኝ፤ ሱቁን ለጎረቤት ሰጥቼ ሄድኩ።

እናቱን ታውቃቸዋለህ፤ የኛን ሐዘን ቁጭ ብለው ያስተዛዘኑን ናቸው። ስንደርስ ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጡ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ቀረሁ። እሱ ከገመዱ ወዲህ፣ እሳቸው ከወዲያ ሆነው፣ አንሶላው መሃላቸው ተንጠልጥሎ ነገራቸው። ድልድይ እንዳልነበረ፣ ሰዎች ቆይ እንዳሉት፣ ልጁ እንደለመነው፣ አንዱንም ሳይሸሽግ ነገራቸው። ይሄን ሁሉ ዘመን መንገድ ሠሪዎቹን ሲራገሙ የኖሩ ሴት ናቸው። አላለቀሱም፤ አልጮሁም። ስለ ሞተው ልጃቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«አለቀሰ?»

«አዎ እማዬ።»

የቀረውን ልብስ አሰጥተው ጨረሱ። ባዶውን ሳፋ አንሥተው ገቡና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። በኃይል ቢዘጉት ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ምግቡን ሸፍነው ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ያስቀምጡለታል። አብረውት አይበሉም። አያናግሩትም። እሱ ጋሼ መስፊያ ቤት ውስጥ ያድራል፤ ጋሼም አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ነገሩ አንሥቶበት አያውቅም። ያ አፉ የማያርፍ ሰውዬ! ሲስተር ከሥራ ስትመለስ በእናቲቱ በኩል አልፋ የደም ግፊታቸውን ትለካለች፤ እሳቸውም ክንዳቸውን ይሰጧታል፤ ወሬ ግን የለም። እናትና ልጅ እንደገና ይታረቁ እንደሆነ የሚነግረኝ ምዕራፍ መጽሐፍህ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ምናልባት እውነቱ መውጣቱ ይሻል ነበር ትል ይሆናል። ልትል እንደምትችል አውቃለሁ፤ አንተን ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ይሻል ይሆናል። ግን የሚወጣበትን ቀን የመምረጥ መብቱ የእሱ ነበር። እሱን ነው የወሰድክበት።

አሁን ስለ ሥራው። አታሚው ጋ ሄጄ መጽሐፉ እንደማይመጣ ነግሬዋለሁ። ቅር አላለውም፤ ለቢሮው የሚሆን መጋረጃ አዘዘኝ። ረቂቅህን አሽጌ ለአምጪው ሰው መልሼ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ይደርስሃል። ከውስጡ ምንም አልሰረዝኩም፤ መሰረዝ ያለብህ አንተ ነህ። በዚያ አገር የታተመውም ሁለተኛ ሲታተም ያ ታሪክ እንዲወጣ አድርግ። ይህን አደረግሁ ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ፤ በስልክ አልቀበልህም። ያን ካደረግክ የቀረውን መጽሐፍ እኔው አሳትመዋለሁ፤ ለጀማሪ መሪ ይጠቅማልና በሱቄም እሸጠዋለሁ። ካላደረግክ ግን እኔ በሕይወት እያለሁ እዚህ አገር አይታተምም። ይህ ቁጣ እንዳይመስልህ። ከአሁን በኋላ በምን እንደምንገበያይ ማሳወቄ ነው።

ምስጋና ገጽ ላይ «ሁሉን ነገር ላስተማረችኝ እህቴ» ያልከውንም አውጣው። አላስተማርኩህም።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ጨዋታ የለም። ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ብቻ ነው የሚቆረጥበት። አባ ዝግታ በሱቁ በኩል ሲያልፍ እጁን ያነሣልኛል፤ አይቆምም። ሲስተር ባለፈው፣ ሌላ መሪ ይሁን ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ግን ያንተ እህት መሆኔንም ታውቃለች። አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

ለክረምቱ ልትመጣ እንዳሰብክ ጽፈሃል፤ እንደ ድሮው እሑድ እሑድ ጨዋታውን ትመራልን ዘንድ። ና። ቤቱ ቤትህ ነው። አልጋህን አነጥፋለሁ፤ አዲስ መጋረጃም ሰፍቼልሃለሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ዓይንህን እንዳትወጋህ ወፍራም አድርጌዋለሁ። የምትወደውን እሠራልሃለሁ፤ ትተኛለህ፤ ሳልህ እስኪለቅህ አትወጣም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ሱቅ አትምጣ። ሰው ባይኖርም በሩን ግማሽ አውርጄ፣ ወንበሮቹን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። አባ ዝግታ አንድ ቀን መኪናውን አቁሞ ሊገባ ይችላል። ጎንበስ ብሎ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ፊት ያንተ እንዲሆን አልፈልግም።

ፈጣሪ ከብርዱና ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እጅህን ይባርከው፤ ከመባረኩ በፊት ግን ያዝ ያድርገው። በልተህ እደር፤ ሹራቡን ልበስ፤ ሐኪም ቤት ሂድና ስለ ሳልህ የሚሉህን ጻፍልኝ።

እትዬህ